ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላ

በካሊፎርኒያ ሲሲኤስ የተባለው የሕፃናት ሕክምና ፕሮግራም አከርካሪው የተጎዳን ልጅ የሚረዳው 21 ዓመት እስኪሞላው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙም፣ ክሊኒኩም፣ ከፋዩም ሊለወጡ ይችላሉ። ይህን ሽግግር ማን ይንደፈው? መሐንዲስ ነኝና መልሴ አጭር ነው፤ የሚሻገሩት ወጣቶች ራሳቸው ይግቡበት።

ለእኛ ለአላሜዳ ነዋሪዎች አብነቱ ቅርብ ነው። በፖሊዮ ምክንያት ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው ኤድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1972 እሱና ጓደኞቹ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩትን ማዕከል እዚያው አቋቋሙ።

የምርመራው አልጋ ለዊልቼር ዝቅ ይላል ወይ? ካቴተር ሲያልቅ ለማን ይደወላል? ስለ ትዳርና ልጅ መውለድስ ማን ያስረዳኛል? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ኑሮውን የሚኖረው ነው። በእኛ ቤት ግን ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እናት ትመልሳለች፣ ልጁ ጣሪያ ያያል። የመጨረሻዋን ጥያቄ እናቱ ፊት ያነሣ የአበሻ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።