ያውቁ ኖሯል? ሞተር የሌለው ክንፍ ሽቅብ የሚወጣበት ጥበብ

ፓራግላይደር ከጨርቅና ከገመድ የተሠራ ክንፍ ነው። ሞተር የለውም። ያም ሆኖ ከኮረብታ ተንደርድሮ የተነሣ አብራሪ ለሰዓታት አየር ላይ ሊቆይ፣ ከተነሣበትም እጅግ ከፍ ሊል ይችላል። የሚያወጣው ከመሬት የሚነሣ ሞቃት አየር ነው፤ አብራሪዎች “ተርማል” ይሉታል። ተርማል በዓይን አይታይም፤ ምልክቶቹ ግን ይነበባሉ።

• ፓራግላይደር በረጋ አየር ውስጥ ምንጊዜም እየወረደ ነው፤ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አየሩ በሰከንድ 3 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ አብራሪው 2 ሜትር ያህል ያተርፋል።

• ፀሐይ በዋናነት የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ አየሩን የሚያሞቀው መሬቱ ነው። ስለዚህ ደረቅ የታረሰ ማሳ፣ አለታማ ቦታና ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ዳገት ጥሩ የተርማል ምንጮች ናቸው። ሐይቅ፣ ረግረግና በመስኖ የራሰ እርሻ ግን ቶሎ አይሞቁም።

• የሞቀው አየር ሁልጊዜ ከሞቀበት ቦታ ቀጥ ብሎ አይነሣም። መሬት ለመሬት ይሄድና የጫካ ጠርዝ ወይም የተራራ ጫፍ ሲያጋጥመው ይላቀቃል። ነፋስ ካለ ደግሞ እያዘነበለ ይወጣል፤ ከፍ ያለ አብራሪ ተርማሉን ከምንጩ በላይ ሳይሆን ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ራቅ ብሎ ይፈልገዋል።

• ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነው ነጭ ክምር ደመና የተርማል አናት ነው። እየወጣ ያለ አየር፣ ደመና እስኪሆን ድረስ፣ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ ወደ ጠብታ የሚለወጥበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ደመናው ይጀምራል፤ ሥሩ የተስተካከለውም ለዚህ ነው። ጠርዙ የጠራ ደመና እያደገ ነው፤ የተበጣጠሰው ግን ተርማሉ አልቆበታል።

• ከመሬት ርቆ ያለ ሰው እየወጣ ይሁን እየወረደ በዓይኑ መለየት ይቸግረዋል። “ቫሪዮ” የተባለው ትንሽ መሣሪያ የአየር ግፊትን ለውጥ ለክቶ በድምፅ ይነግረዋል፤ አወጣጡ በፈጠነ ቁጥር ጩኸቱም ይፈጥናል።

• አብራሪው የተርማሉን ጠርዝ ሲነካ አንዱ የክንፉ ጎን ከፍ ይላል፤ ክንፉም ወደ ውጭ መሸሽ ይጀምራል። ጀማሪ ክንፉ ወደመራው ይሄዳል። የተማረው ግን ክብደቱን ከፍ ወዳለው ጎን ያጋድላል፣ በዚያው በኩል ያለውን የፍሬን ገመድ ይስባል፣ መዞርም ይጀምራል። ቫሪዮው ሲበረታ ዙሩን ያሰፋል፤ ሲደክም ያጠባል።

• ሰማይ ላይም የትራፊክ ሕግ አለ። ወደ ተርማሉ ቀድሞ የገባው የዙሩን አቅጣጫ ይወስናል፤ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በዚያው አቅጣጫ ይዞራሉ።

• ክንፋቸውን ሳያራግቡ የሚዞሩ አሞራዎች ለአብራሪ የታመኑ መንገድ ጠቋሚዎች ናቸው። ከፍታቸውም ያስደንቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አይቮሪ ኮስት ውስጥ አቢጃን ሰማይ ላይ አንድ ጥንብ አንሣ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው 11,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር።

• ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚፈልሱ ነጭ ሽመላዎች ሰፊ ባሕር አቋርጠው መብረር አይወዱም፤ ባሕር ላይ የሚያወጣቸው ተርማል አያገኙምና። በቦስፎረስ ወይም በጅብራልታር ጠባብ መተላለፊያ በኩል ይዞራሉ። በምሥራቅ በኩል ከሚመጡት አንዳንዶቹ የኛን ስምጥ ሸለቆ ጭምር ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ።

• በሯጮቿ የምትታወቀው የኬንያዋ ኢቴን የፓራግላይዲንግ መዳረሻም ናት። አብራሪዎቹ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ተነሥተው ከኬሪዮ ሸለቆ በሚወጣው ተርማል ላይ ይበርራሉ።

• እ.ኤ.አ. በ1978 ፈረንሳይ ሚዩሲ መንደር ውስጥ ሦስት ፓራሹተኞች ከአውሮፕላን በመዝለል ፈንታ ከተራራ ዳገት እየሮጡ ተነሡ። ስፖርቱ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሴባስቲያን ካይሩዝ ቴክሳስ ውስጥ ከተርማል ወደ ተርማል እየተሻገረ በአንድ ቀን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ።

• ተርማል ሲበዛም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ ማኒላ ላይ ኤቫ ቪሽኒየርስካ የተባለች አብራሪን የነጎድጓድ ደመና ስቦ ወደ 10,000 ሜትር ገደማ አወጣት። ራሷን ስታ፣ በበረዶ ተሸፍና ቆየች፤ ነፍሷ ግን ተረፈች። በዚያው ማዕበል የተያዘ ሌላ አብራሪ ሞቷል።

• ተርማል የሚበረታው ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ጀማሪዎች የመጀመሪያ በረራቸውን ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። መማር ካሰቡ ፈቃድ ያለው አስተማሪ ይያዙ፤ ተጠባባቂ ፓራሹትም አይለይዎ። ሽቅብ እያደገ የሚጠቁር ደመና ካዩ ግን፣ ተርማሉ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ወርደው ይረፉ።