ስፔክትሮሜትር ለምን ያስፈልጋል?

«ሕዝቡ ንጹሕ ውኃና መድኃኒት ሲቸግረው ለዩኒቨርሲቲ ውድ የኬሚስትሪ መሣሪያ መግዛት ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ሁላችን ከምናውቀው ከእንዶድ እንጀምር።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምተው ይኸው የውኃ ቀንድ አውጣ በመሆኑ ግኝቱ ታላቅ ተስፋ ሰጠ። ዳሩ ግን ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነው። ስሙም በእርሳቸው «ለማቶክሲን» ተባለ። በሰሚት የምንኖር ከቦሌ የሚነሡትን አውሮፕላኖች በየቀኑ እናያለን፤ የአገራችን ዕፀዋት ናሙናም ለብዙ ዓመታት ምርመራ ፍለጋ እንዲሁ ወደ ውጭ ሲበር ኖሯል።

ስፔክትሮሜትር ንጥረ ነገር ከምን እንደ ተሠራ በብርሃን ወይም በማግኔት የሚመረምር መሣሪያ ነው። ኢንፍራሬድ የሚባለው አተሞች እንዴት እንደ ተያያዙ ይጠቁማል። ኤን ኤም አር የተባለው ደግሞ ናሙናውን በብርቱ ማግኔት መካከል አኑሮ እያንዳንዱ ሃይድሮጂንና ካርቦን ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ ያሳያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ባለ 400 ሜጋኸርዝ ኤን ኤም አር አግኝቶ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች ሲሠሩበት ቆይተዋል።

ነገር ግን መግዛቱ ብቻ አይበቃም። ማግኔቱ ኃይሉን የሚጠብቀው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ሂሊየሙ ጥቂት በጥቂት ይተናል፤ የሚመጣውም ከውጭ አገር ነው። በጊዜው ካልተሞላ ማግኔቱ ኃይሉን ያጣል። መብራት ሲቆራረጥ ኤሌክትሮኒኩ ይጎዳል። ጠጋኝ ባለሙያ ከሌለ በጥቂት ብልሽት ብዙ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያ ሸራ ለብሶ ይቀራል። ተማሪውም ናሙናውን በእጁ አዘጋጅቶ ውጤቱን ካላነበበ፣ ከመጽሐፍ ያየው ሥዕል ብቻ ኬሚስት አያደርገውም።

በሚገባ የተያዘ መሣሪያ ግን ለጎረቤትም ይተርፋል። ቀድሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሆነው የመሩት መረብ መሣሪያ ለሌላቸው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ናሙና ይመረምር ነበር።

እንግዲህ መሣሪያ ለመለገስ ስታስቡ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሂሊየሙን በየጊዜው ማን ይሞላል? ሲበላሽ ማን ይጠግናል? ተማሪዎችስ ይነኩታል ወይስ ከመስኮት ያዩታል? ለእነዚህ መልስ ከተገኘ፣ ስጦታው ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ ብዙ ይሠራል።