ከባዱ ዋልካና ቀላሉ መደብ

በሽንፋ ቆላ የሚኖር ገበሬ የዋልካውን መሬት ጠባይ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በክረምት አብጦ ይጣበቃል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሰሊጥና ማሽላ ይህን ይችሉታል። ነገር ግን ያንኑ አፈር በጣሳ ወይም በጆንያ ሞልቶ ቲማቲም የሚተክል ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል። ስለ ምን ቢሉ፥ ዋልካው ሲርስ የአየሩ መንገድ ስለሚደፈን ሥሩ ይታፈናል፤ ሲደርቅም ተኰማትሮ ሥሩን ይበጥሳል፤ ከዕቃውም ጠርዝ ስለሚላቀቅ ውሃው በዳር ሾልኮ ይፈስሳል። ደግሞም 20 ሊትር በሚይዝ ዕቃ የተሞላ እርጥብ ዋልካ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፥ ለቤት ጣራም ሆነ ለእንጨት ቆጥ ከባድ ሸክም ነው።

በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ያሉ አንዳንድ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳን የሚያሳድጉት ቀዳዳ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ቀላል ሆኖ ውሃንም አየርንም ባንድነት ይይዛልና። ያን እስከ ሽንፋ ማስጫን ግን ዋጋው አይቀመስም። ምትኩ በደጃችን አለ፤ ይኸውም በየውድማው በከንቱ የሚቃጠለው የሰሊጥና የማሽላ አገዳ ነው።

አገዳው ተከትክቶ ከከብት ፍግ ጋር በጉድጓድ እየረጠበ ይብላላ። ሳይበስል ቢቀላቀል፥ ለተክሉ የሚገባውን ናይትሮጅን ስለሚሻማው ቅጠሉ ይገረጣል። ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲሸት፥ ሁለት እጅ ብስባሽ ከአንድ እጅ ዋልካና ከአንድ እጅ የከሰል ድቃቂ ጋር መደባለቅ፥ የዕቃውንም ታች መብሳት ይገባል።

ቀላል መደብ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ በዚያ ሙቀት ጧትና ማታ ውሃ ለማጠጣት ያልቈረጠ ሰው ባይጀምረው ይሻላል፤ የቈረጠ ግን በበጋም ለልጆቹ ጐመንና ቲማቲም ከደጁ ይቀጥፋል።