የአደን ጠመንጃ በአየር ጉዞ፦ ጤዛ፣ ዝገትና ጽዳት ከአዊ ደጋ አንጻር ሲታዩ

መግቢያ

በአዊ ብሔረሰብ ዞን ጠመንጃ ያለው ሰው ክረምት ከመግባቱ በፊት መወልወያውን ይፈልጋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር፣ ዳንግላ ደግሞ 2,140 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጉም ይፈራረቁባቸዋል። ከእንጅባራ ወደ ጃዊ ቆላ ወርዶ የሚመለስ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ብርድን፣ ወበቅንና መልሶ ብርድን ያልፋል፤ የያዘው ብረትም እንዲሁ። ለአደን በአውሮፕላን የሚጓዝ ጠመንጃ ይህንኑ ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ያስተናግዳል። ይህ ጽሑፍ ተወልውሎ የተነሣ ጠመንጃ መድረሻው ላይ ለምን ዝጎ እንደሚገኝ፣ የተለመዱት የጽዳት ፈሳሾች በማይጫኑበት ጊዜም ምን ማድረግ እንደሚቻል ያብራራል።

ጉዳዩ የንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደ አገራችን የሚመጡ የውጭ አዳኞች በብዛት የሚፈልጉት በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚኖረውን ደጋ አጋዘን ሲሆን፣ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። ዒላማውን የሳተ ጥይት እንስሳውን አቁስሎ ጫካ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። በዝገት ቅርፊት፣ በጨርቅ ቁራጭ ወይም በተጠራቀመ ዘይት የተዘጋ አፈሙዝ ደግሞ ተኳሹን ራሱን ለአደጋ ይዳርጋል።

ጤዛ እንዴት ይፈጠራል?

ንጹሕ ብረት በደረቅ አየር ውስጥ የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን ዝገቱ ይፋጠናል፤ በብረቱ ላይ ጨው ካለም ከዚያ ባነሰ እርጥበት ይጀምራል። ለዞኑ ቅርብ የሆነውን የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በምሳሌነት እንውሰድ። የአየሩ ሙቀት 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 60 በመቶ ቢሆን፣ ጤዛ የሚፈጠርበት ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ ይጠጋል። በአውሮፕላኑ የዕቃ ክፍል ቆይቶ ወደ 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ ጠመንጃ በዚህ አየር ውስጥ ወዲያው ቢገለጥ ከላይም ከውስጥም ጤዛ ይለብሳል። በእጅ የሚደረሰው የውጭ ገጽ በጨርቅ ይደርቃል፤ በበርሜሉ ውስጥ፣ በመቀርቀሪያውና በቃታው አካባቢ የቀረው ግን ሳይታይ ሥራውን ይሠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ትዕግሥት ነው። ሣጥኑ እንደ ተዘጋ በማረፊያው ክፍል ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ብረቱ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ከተስተካከለ በኋላ ይከፈታል። በጉዞ ላይ ለፍተሻ መክፈት ግድ ከሆነም፣ ጠመንጃው ወዲያው ደርቆ መመለስ አለበት።

የአየር ግፊትና ሣጥኑ

በበረራ ወቅት የመንገደኞችም ሆነ የዕቃ ክፍሉ የአየር ግፊት በአብዛኛው በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ግፊት በታች እንዳይወርድ ይደረጋል። ይህም ከእንጅባራ የአየር ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው። በዚህ ምክንያት በእንጅባራ የታሸገ የዘይት ጠርሙስ በበረራ ላይ እምብዛም ለውጥ አይገጥመውም፤ በባሕር ጠረፍ ከተማ የታሸገው ግን ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ሊያንጠባጥብ ይችላል። በመልሱ ጉዞ ነገሩ ይገለበጣል፦ በደጋ የተዘጋ ሣጥን ወደ ጠረፍ ሲወርድ፣ ክፍተት ካለው፣ የጠረፉን እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት በሣጥኑ ውስጥ ማኖር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የሣጥኑ ስፖንጅ ውሃ ስለሚይዝም ጠመንጃውን ከደረሱ በኋላ በውስጡ ማሳደር አይገባም።

የማይጫኑ ፈሳሾች

በዓለም አቀፍ የበረራ ደንብ ጠመንጃ ጥይቱ ወጥቶለት፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ በሚጫን ሻንጣ ብቻ ይጓዛል። ጥይት ለአንድ መንገደኛ ከነማሸጊያው ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ አየር መንገዱም አስቀድሞ ሊፈቅድ ይገባል። በአገር ውስጥ ደግሞ የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ስለ ማጽጃው ያለውን ደንብ ነው። ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ሙቀት ተቀጣጣይ ተን የሚሰጡ ፈሳሾች በአደገኛ ዕቃነት ይመደባሉ። ቤንዚንና አብዛኞቹ የባሩድ ማሟሚያዎች በዚህ ይካተታሉ። ለብረት ማጽጃነት የተለመደው ላምባ ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ከዳንግላ ሱቅ ቢገዛም አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ተጓዡ የሚይዘው እንግዲህ ደረቁን መሣሪያ፣ ማለትም መወልወያ ዘንግ፣ ብሩሽና የጥጥ ጨርቅ ነው። ፈሳሹን ከመድረሻው ይገዛል፤ ወይም ከመነሣቱ በፊት ብረቱን በማዕድን ዘይት በስሱ ይቀባል። ዘይት ቢታጣ ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት መተካት አይገባም፤ እነዚህ ውለው ሲያድሩ አሲድ ያወጣሉ፣ ይሙለጨለጩና የሚንቀሳቀሱ ክፍሎችን ያጣብቃሉ።

ዘይት የማያስወግደው ቅሪት

የአሮጌ ጥይቶች አቀጣጣይ ብዙ ጊዜ ፖታሺየም ክሎሬት የተባለ ውሕድ አለበት። ሲተኮስ በበርሜሉ ውስጥ ፖታሺየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይተዋል። ይህ ጨው እርጥበትን ይስባል፤ በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። በላዩ ዘይት የቀባ ሰው ጨውን ከሥር ሸፍኖት ነው የሚያድረው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በዕለቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት። ውሃ በየትኛውም ሰፈር ስለሚገኝ የበረራ ደንቡም አያግደውም።

ማጠቃለያ

የሥራው ቅደም ተከተል አጭር ነው። ሣጥኑን ሳይቸኩሉ መክፈት፤ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ፤ ማድረቅ፤ በርሜሉን ከተቻለ ከኋላ ወደ አፈሙዙ መወልወል፤ ስስ ዘይት መቀባት። ከመተኮስ በፊት ደግሞ የበርሜሉን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ወደ ብርሃን አሻግሮ ማየት፤ በመጨረሻም አነጣጥሮ በመተኮስ ዒላማውን መፈተሽ ይገባል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በእርጥብ ደጋ ለሚኖር የጠመንጃ ባለቤት አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ክረምት ሲገባ የሚመጣው እርጥበት በአየር ጉዞ በማንኛውም ወር፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ መቻሉ ነው። የበረራ ደንቡን የሚያስፈጽሙ ሠራተኞችም ሆኑ አዳኞችን የሚመሩ ባለሙያዎች ይህን ቢያውቁት፣ የሚተርፈው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ተኳሹና በከንቱ የሚቆስለው እንስሳም ጭምር ነው።