ልብ ሲመረመር ሆድም ይታይ

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እርጉዝ ሴትና በማህፀኗ ያለው ፅንስ ነው። ይኸው መሣሪያ ግን ለአባቶችና ለአያቶችም፣ በተለይ የልብ ሕመም ላለባቸው፣ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ሆድ ውስጥ ያበጠ የደም ቧንቧን ሳይፈነዳ በፊት ያሳያልና።

ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ቧንቧ አኦርታ ይባላል። በደረት አልፎ የጀርባ አጥንትን ተከትሎ ወደ ሆድ ይወርዳል። ሆድ ውስጥ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው ሲደክም በደሙ ግፊት ቀስ በቀስ እንደ ፊኛ ይወጠራል። ሦስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ ሐኪሞች አኒዩሪዝም ይሉታል።

ክፋቱ ምልክት አለማሳየቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሳያም ለዓመታት ያድጋል። ከፈነዳ ግን የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎች ሆስፒታል እንኳ አይደርሱም። ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ76 ዓመቱ ያረፈው በዚሁ ሕመም ነው።

የልብ ሕመምተኛ ለምን?

የልብን የደም ሥር የሚያጠቡት ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ዕድሜ አኦርታንም ይጎዳሉ። ስለዚህ የልቡ ደም ሥር የጠበበ ሰው ከሌላው ይልቅ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ወንድ፣ ሲጋራ ያጨሰ (ከተወ ዓመታት ቢያልፉም)፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ የታመመ ከሆነ ሥጋቱ ይጨምራል። ሴቶችን የሚይዘው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ከያዛቸው ቶሎ የመፈንዳት ዕድል አለው።

ምርመራው ቀላል ነው። መርፌም ጨረርም የለውም። ሆድ ላይ ጄል ተቀብቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስፋቱ ይለካል። የልብ ሕመምተኞች በየጊዜው የሚታዩበት ኢኮም ራሱ አልትራሳውንድ ነው። በዚያው ቀጠሮ ሆድንም ማየት ይቻላል፤ ካልተጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም።

እንግሊዝ ውስጥ ወንዶች 65 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ለዚህ ምርመራ በደብዳቤ ይጠራሉ። በአሜሪካ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 የሆኑ፣ ሲጋራ ያጨሱ ወንዶች አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመከራል። ወላጆቻችሁ በእነዚህ አገሮች ካሉ ደብዳቤውን ችላ እንዳይሉት፣ ሐኪማቸውንም እንዲጠይቁ ንገሯቸው። እዚህ ግን ጥያቄውን ማንሣት ያለበት ቤተሰቡ ነው፦ «ዶክተር፣ ሆዱ ውስጥ ያለው አኦርታስ ታይቷል?»

እብጠት ተገኘ ማለት ወዲያው ቀዶ ሕክምና ማለት አይደለም። ትንሹ በየጊዜው እየተለካ ይጠበቃል፤ ሲጋራ ይቆማል፣ የደም ግፊት ይስተካከላል። በወንዶች 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ በሴቶች ቀደም ብሎ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ይመከራል።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። አንድ አዛውንት ድንገት ሆዳቸውን ወይም ጀርባቸውን አጥብቆ ካመማቸው፣ ካላባቸውና ራሳቸውን ከሳቱ «ጨጓራ ነው፣ ኩላሊት ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።