ከበር የተመለሰው ጊታሪስት

እስቲ ልጠይቃችሁ። ለብሳችሁ፣ ተሽቀርቅራችሁ፣ ሽቶ ተቀባብታችሁ ሄዳችሁ ከናይት ክለብ በር ላይ ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? «ስማችሁ እዚህ የለም» ተብላችሁ? ካወቃችሁ ምሬቱን እኔ አልነግራችሁም። ሰው ፊት መዋረድ እኮ ያማል! ዛሬ የማወራችሁ ከበር ተመልሶ ግን ተመልሶ ስላልቀረ አንድ ጊታሪስት ነው። ናይል ሮጀርስ ይባላል። ስሙን ባትሰሙ እንኳ የእጁን ሥራ ሳትሰሙ አትቀሩም።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ተወለደ። እናቱ ስትወልደው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቱና እንጀራ አባቱ የሄሮይን ሱሰኞች እንደነበሩ ራሱ በ2011 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሳይደብቅ ተናግሯል። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ልጅ መጨረሻው ምን ይሆናል? ሰፈር ቢያማ አይፈረድበትም። ልጁ ግን ጊታር ይዞ ጃዝ ተማረ። «ሰሰሚ ስትሪት» ለተባለው የልጆች ፕሮግራም ተጓዥ ባንድ ተጫወተ። ቀጥሎም ሃርለም በሚገኘው አፖሎ ቲያትር ቋሚ ባንድ ውስጥ ገባ። ዛሬ ለሕፃናት፣ ነገ ለአንጋፋ ድምፃዊ መጫወት ነው። ይሄ ያንሰኛል ብሎ አልመረጠም።

በ1970 ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከበርናርድ ኤድዋርድስ ጋር ተዋወቀ። የጃዝ ጊታሩን ትቶ ፌንደር ስትራቶካስተር የያዘውም በዚሁ ጓደኛው ጉትጎታ ነው። አጨዋወቱን ልብ ብላችሁ ስሙት። ቀኝ እጁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሳያርፍ ይወጣል ይወርዳል። ግራ እጁ ደግሞ ክሩን ጫን ለቀቅ እያደረገ ድምፁን ያፍነዋል። ኮርዱ የጃዝ ነው፣ ምቱ የፈንክ። ሁለቱ ጓደኛሞች «ሺክ» የተባለውን ባንድ ያቆሙት በዚህ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የ1977 ዓ.ም. የአውሮፓውያን ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ድምፃዊት ግሬስ ጆንስ ጋብዛቸው «ስቱዲዮ 54» ወደሚባለው የኒውዮርክ ዝነኛ ክለብ ሄዱ። በረኛው ግን ስማችሁ የለም ብሎ መለሳቸው። በዚያ ሰሞን የነሱ ዘፈን በየዳንስ ቤቱ ይጮኻል፣ እነሱ ግን ብርድ ላይ ቆመዋል! በንዴት ወደ ሮጀርስ ቤት ተመለሱ፤ መሣሪያቸውን አንስተው በረኛውን በዜማ ይሰድቡት ጀመር። ቆይተው ግን ዜማው ከስድቡ እንደሚበልጥ ገባቸው። ስድቡን በጭፈራ ቃል ለወጡትና «ሌ ፍሪክ» የተባለው ዘፈን ተወለደ። በ1978 በአሜሪካ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። ግን ሁለተኛው በር ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1979 (ይህም በነሱ አቆጣጠር ነው) ቺካጎ ውስጥ በአንድ የቤዝቦል ስታዲየም የዲስኮ ሸክላዎች ተከምረው በፈንጂ ጋዩ። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው፣ የቀጠለው ጨዋታም ሳይካሄድ ቀረ። በዚያው ዓመት የ«ሺክ» «ጉድ ታይምስ» አንደኛ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባንዱ በአሜሪካ ሠንጠረዥ ከ40ዎቹ ውስጥ ተመልሶ አልገባም። ትናንት ያጨበጨበ ሕዝብ ዛሬ «ዲስኮ ሞቷል» አለ። በ1983 ለብቻው ያወጣው አልበምም አልተሳካለትም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ሮጀርስ የራሱ ስም ሲወድቅ በሌሎች ስም ሥር ገብቶ ሠራ። በ1980 ከኤድዋርድስ ጋር የዳያና ሮስን አልበም ሠርቶ ነበር። በ1982 ደግሞ ከዴቪድ ቦዊ ጋር ኒውዮርክ ተገናኙ። ቦዊ አንድ ዘፈኑን በክር ጊታር ቀዝቀዝ አድርጎ እንዳሰማው፣ እሱም አፍርሶ እንደ አዲስ ለጭፈራ እንዳቀናበረው ሮጀርስ ደጋግሞ ተናግሯል። «ሌትስ ዳንስ» ነው እንግዲህ። አልበሙ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ተቀዳ፤ በ1983 ወጥቶ ከቦዊ አልበሞች ሁሉ በላይ ተቸበቸበ። በ1984 የማዶናን «ላይክ ኤ ቨርጂን» ፕሮዲዩስ አደረገ። እሱም ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ የማዶና ነው፤ ጊታሩ ግን የሱ ነው።

ይህን የማወራው ያለ ነገር አይደለም። አንድ የማውቀው ጎበዝ ጊታሪስት አለ። ይጫወትበት የነበረ ክለብ ባንዱን አሰናብቶ ዲጄ ቀጠረ። አሁን ለሌላ ዘፋኝ አጅብ ሲሉት «እኔ የማንም አጃቢ አይደለሁም» ይላል። ጊታሩም አልጋ ሥር አቧራ ለብሷል። ኀዘኑ ይገባኛል። ግን እኮ ወንድሜ፣ አልጋ ሥር ያለ ጊታር የማንንም ስም አያስጠራም። ሙያ እጅ ላይ ካለ ስም ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል። ይህ ለጊታሪስት ብቻ አይደለም፤ ለልብስ ሰፊዋም፣ ለመካኒኩም፣ ከቢሮ ለተቀነሰችውም ነው።

ሮጀርስ መልአክ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ዝናው ከመጠጥና ከኮኬይን አላዳነውም፤ ጨርሶ የተላቀቀው በ1994 ነው። በ1996 ደግሞ ኤድዋርድስ ጃፓን ውስጥ አብረው ተጫውተው ብዙም ሳይቆይ፣ በ43 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተበት። የዕድሜ ልክ ጓደኛን ባሕር ማዶ ማጣት ቀላል አይምሰላችሁ። በ2010 ራሱም ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ይሄኔ ብዙዎቻችን በራችንን ዘግተን እንተኛለን። እሱ ግን ሥራውን አበዛ። በ2013 ከፈረንሳዮቹ «ዳፍት ፐንክ» ጋር «ጌት ለኪ»ን ሲያወጣ ዕድሜው 60 ነበር። ያቺው ድሮ የለመደቻት ቀኝ እጁ ያልተወለዱ ልጆችን አስጨፈረች፤ በ2014 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ሽልማት አመጣች።

ታዲያ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱለት? የለም። የአሜሪካ የሮክ ዝነኞች አዳራሽ «ሺክ»ን 11 ጊዜ በዕጩነት አቅርቦ 11 ጊዜ አላስገባም ብሏል። በ2017 ሮጀርስን ለብቻው፣ በሙዚቃ ልቀት ሽልማት አስገባው። ኤድዋርድስ ያኔ በሕይወት የለም። እንግዲህ አንዳንዱ በር እንዲህ ነው፤ ግማሹ ይከፈታል፣ ግማሹ እንደተዘጋ ይቀራል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በር ሲዘጋባችሁ ተሳደቡ፣ ተበሳጩ፣ ያለ ነው። ብቻ እንደነዚያ ልጆች ቤት ገብታችሁ መሣሪያችሁን አንሱ። በረኛው ጋ ቆሞ ማደር ግን ብርዱን ነው የሚያተርፈው።