በትልቅ ከተማ በመጠነኛ ወጪ ቤተሰብን በደንብ ስለ መመገብ

ሰው ሁሉ ለመኖር መብላት እንደሚያስፈልገው ያውቃል፤ ነገር ግን በልቶ መጥገብና ለሰውነት የሚበጀውን መመገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህንን የቤተሰብ ገጽ ለሚያነቡ ክቡራንና ወይዛዝርት ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ፥ ደመወዙ የተወሰነ ሰው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ተቀምጦ ልጆቹን በደንብ ሊመግብ የሚችለው በምን ዘዴ ነው የሚለው ነው። ለምሳሌ የምንወስደውም ከመራዊ፥ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ለሥራ ወደ ከተማ የገባውን ቤተሰብ ነው። ይህ ሰው በአባቱ ቤት እህሉን ከጎተራ እየዘገነ፥ ጎመኑን ከጓሮ እየቀጠፈ ያደገ ሲሆን፥ በከተማ ግን ሁሉን በገንዘብ መግዛት ግድ ስለሚሆንበት ከሌላው ይልቅ ይጨነቃል።

የመራዊ ምድር በረከት የታወቀ ነው። ከባሕር ዳር ወደ 35 ኪሎ ሜትር ርቆ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ የተቀመጠው ይህ ከተማ፥ ዙሪያው ጤፍ፥ ዳጉሳ፥ በቆሎና ኑግ ያፈራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያም በቆጋ ወንዝ ላይ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት የሚያጠጣ ግድብ ስለ ተሠራ፥ ድንች፥ ሽንኩርት፥ ጥቅል ጎመንና ስንዴ በበጋም ይገኝበታል። የቡሬ በርበሬ ደግሞ በገበያ ስሙ የተጠራ ነው።

ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት የገለጠው ነገር የሚያሳዝን ነው። በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት 100 ሕፃናት 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው አጥሮ ተገኘ። የአገሪቱ መካከለኛ ቁጥር 38 ነበረ፤ እህሏን ሁሉ ከሌላ አገር በምታስመጣው በአዲስ አበባ ግን 15 ብቻ ሆነ። ጎተራ በሞላበት ምድር ልጅ ሳያድግ መቅረቱ እንዴት ያለ ነገር ነው? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የንጹሕ ውሃ እጦትና የተደጋገመ ሕመም አለበት። ከምክንያቶቹ ሁሉ ግን የቤቱ ባለቤትና እመቤቲቱ ሊያርሙት የሚችሉት፥ እንጀራው ሳይጎድል አብሮት የሚበላው መጉደሉ ነው። እንቁላሉና ቅቤው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ሕፃኑ በእንጀራ ፍትፍት ብቻ ይከርማል። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን ያወጀው ይህን የሕፃናት መቀንጨር ለማጥፋት ነው። እንግዲህ ወደ ከተማ የገባው ሰው ወጪ ለመቀነስ ሲል እንጀራውን ትቶ ሳይሆን ወጡን አሳስቶ፥ እንቁላሉንና ጎመኑን አስቀርቶ የሚኖር ከሆነ፥ በአገር ቤት የነበረውን ጉዳት ራሱ ከፍሎበት ወደ ከተማ አመጣው ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ እንጀራ እንናገር፤ የከተማ ቤት ዋናው ወጪ የጤፍ ነውና። ነጭ ማኛ ካልሆነ በእንግዳ ፊት አይቀርብም የሚል አሳብ በብዙ ቤት ሠልጥኗል። ንጣቱ ለዓይን ያምራል፤ ለአጥንት ግን የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም። ቀዩ ጤፍ በዋጋ ዝቅ ይላል፥ በምግብነቱ ግን ከነጩ አያንስም። የመራዊ ባለሙያ ሴት ጤፉን ከዳጉሳ ጋር ደባልቃ ስትጋግር፥ ከተሜው ድህነት አስገድዷት ይመስለዋል። ዳጉሳ ግን በ100 ግራሙ ከ300 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ካልሲየም ያለው እህል ነው፤ በዚህ ነገር ጤፍንም ስንዴንም ይበልጣቸዋል፤ ካልሲየምም ለአጥንትና ለጥርስ መሠረት ነው። ስለዚህ ሁለት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ዳጉሳ አስፈጭቶ መጋገር ወጪውን ያቀላል፥ የልጆችንም አጥንት ያጸናል። ቡሖው ሁለት ሦስት ቀን መቆየቱም ያለ ጥቅም አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት አስሮ የሚይዘውን ነገር እርሾው ይቀንሰዋል።

ከእንጀራው የሚከተለው ወጥ ነው። የምግብ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል፤ ባቄላ፥ አተር፥ ሽምብራና ምስር ግን ይህ ሞልቷቸዋል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ መብላት አባቶቻችን በልማድ ያገኙት መልካም ማጋጠሚያ ነው። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሕፃናት ምግብ ክፍልም በኋላ ፋፋ ተብሎ የታወቀውን የሕፃናት ዱቄት ሲያዘጋጅ፥ የተከተለው ይህንኑ እህልንና ጥራጥሬን የማዋሐድ ሥርዓት ነው። እመቤቲቱም በቤቷ ገብስ ወይም ስንዴ ቆልታ፥ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር አስፈጭታ፥ ከ6 ወር በላይ ለሆነው ሕፃን ወፈር ያለ ገንፎ ልታገነፋ ትችላለች፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።

በሽሮ ነገር ላይ ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ርካሽ ሽሮ ብዙ ጊዜ ጓያ የተቀላቀለበት ነው። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ ያለበት መሆኑን፥ በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. በደምቢያና በፎገራ የደረሰው መከራ አሳይቷል። ስለዚህ እህሉን በጥሬው ገዝቶ፥ በዓይን አይቶ፥ ለቅሞና አስፈጭቶ ማዘጋጀት ይገባል።

እህል የሚገዛበትም ጊዜ አለው። ጤፍ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ስለሚታጨድ በጥርና በየካቲት ዋጋው ይረግባል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ይወጣል። በየሳምንቱ በኪሎ የሚገዛ ሰው በክረምት የባለ መጋዘኑን ትርፍ ከኪሱ ይከፍላል። ደመወዝተኛ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ገንዘብ ከየት ያመጣል የሚል ቢኖር፥ እቁብ ለምን ተፈጠረ ብለን እንመልስለታለን፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ተስማምተው ዕጣውን በጥር ለእህል ቢያደርጉት ከብድር ይሻላል። መንገዱ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ በአውቶቡስ ላይ ተጭኖ ከዘመድ የሚመጣው ጆንያም የሚናቅ አይደለም። በርበሬውም እንዲሁ በወቅቱ ይገዛል፤ በደንብ ሳይደርቅ ግን አይከመር፥ የሻገተ በርበሬ ታጥቦ የማይለቅ መርዝ ያበጃልና። በአዲስ አበባ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅና የእሑድ ገበያም አሉ፤ ሠራተኛ ልኮ ከመንገድ ዳር በችርቻሮ ከማስገዛት፥ እመቤቲቱ ወይም ጌታው ራሳቸው እዚያ ቢደርሱ አያፍሩ።

ጎመን ከሁሉ ይልቅ የተናቀና ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ነው። ሲቀቀል ውሃው አይደፋ፤ ሲበላም ሎሚ ይጨመቅበት፥ ወይም ጥሬ ቃሪያ ይቅረብ፤ በነዚህ ያለው ቪታሚን የእህሉንና የቅጠሉን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳልና። ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ይከለክላሉ። ስለዚህ ማዕዱ ሳይነሣ ቡና ይቅረብልኝ የሚሉ ጌቶች አንድ ሰዓት ያህል ቢታገሡ መልካም ነው፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር ይህ አስፈላጊ ነው።

ሥጋን በሚመለከት፥ በየጊዜው ከሉካንዳ ኪሎ ማስመዘን ለደመወዝተኛ አይመችም። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ አርዶ መደብ የሚከፋፈልበት የቅርጫ ልማድ ከዚህ ይሻላል፤ የተረፈው ቋንጣ ይሆናል፥ አጥንቱም ለመረቅ ይውላል። ባሕር ዳር የሚቀመጥ ሰው ደግሞ የጣናን ቆሮሶና አምባዛ በደጁ ሳለ ሥጋ ተወደደብኝ ቢል አናምነውም። ለሕፃናት ግን ከሥጋውም በፊት እንቁላል ይታሰብላቸው። አዋቂው ሲጾም በቤቱ የፍስክ ነገር ፈጽሞ እንዳይሠራ የሚደረግበት ልማድ አለ፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ከ7 ዓመት በታች ላሉት ጾምን ግዴታ ስላላደረገ፥ የሕፃኑ እንቁላል ለብቻ ድስት ይቀቀል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር በድፍረት እንናገራለን። በብዙ ታላላቅ ቤቶች አባትና እንግዳ አስቀድመው ይበላሉ፥ ልጆች በተረፈው ይቀርባሉ። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዶሮ በተሠራ ቀን ሥጋውና እንቁላሉ በላይኛው ማዕድ አልቆ ለልጅ የሚደርሰው መረቅ የነካው እንጀራ ከሆነ፥ ያ ሁሉ ወጪ የወጣው ማደግን ለጨረሰው ሰው ነው። የልጁ ድርሻ ከድስት በቀጥታ በሳሕኑ ይውጣ፤ እንግዳውም በዚህ አይቀየምም።

በመጨረሻ ስለ ግብጦ። በመራዊ፥ በቡሬና በአገው ምድር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህ ጥራጥሬ፥ በከተማ አረቄ ሲነሣ እንጂ ለማዕድ አይታሰብም። ከ100 እጅ ከ30 እጅ በላይ ፕሮቲን ያለው በመሆኑ ግን ከባቄላም ይበልጣል። ጥሬው መራራ ነው፤ መራራነቱም መርዙ ስለሆነ እንዲሁ አይበላም። በአገር ቤት ከተቆላ በኋላ በጆንያ ታስሮ በወራጅ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ይነከራል። በከተማ ወንዝ ለሌለው ሰው ደግሞ በባልዲ ነክሮ ውሃውን ጠዋትና ማታ መለወጥ ይበቃዋል፤ ሥራው 5 ቀንም አንድ ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ተልጦ፥ በጨውና በሚጥሚጣ ይበላል። ሲቀመስ ምላስ ላይ ጥቂት እንኳ ምሬት ከቀረ ግን ለልጅ አይሰጥ፤ ወደ ውሃው ይመለስ።